ውሃ የጠጣ ጎማ

ባለፈው ኅዳር ከልጄ ጋር ከጂጂጋ ወደ ሐረር ልንሄድ በጠዋት ተነሳን። ልጄ ሞተሩን እንዳስነሳ ከመሪው ፊት አንዲት ቢጫ መብራት በራች። የጎማ ነፋስ ጎድሏል ማለቷ ነው። አይቶ እንዳላየ ሆነ። ካራማራን አልፈን ፀሐይዋ ሞቅ ስትል መብራቷ ጠፋች።

«አየህ አባዬ፣ በራሱ ተሻለው።»

«አልተሻለውም፤ ጠጥቶ ነው» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። እስኪ ልንገረው ብዬ ጀመርኩ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቀብሪበያ ውስጥ የአንድ በግና ግመል ነጋዴ ፒክአፕ እነዳ ነበር። አዴር ፋራህ ነበር የምላቸው፤ አዴር በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ያለፈኝ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምጽፍ ጎረምሳ ነበርኩ። አዴር ይህን ካወቁ ወዲህ አላስቀመጡኝም።

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ሱማሌ አገር መጥተህ ገጣሚ ነኝ ትላለህ? እኛ እኮ ስንጣላም በግጥም ነው!»

ግመሎቻቸውን ሸጠው የገዙት መኪና ነበርና እንደ ግመል ይሳሱለት ነበር። ጂላል ሲገባ ግን፣ ዝናብ የሌለበት፣ ጠዋቱ ጣት የሚያደነዝዝ፣ ቀኑ አናት የሚበሳ ወቅት ነው፣ መኪናው አመሉ ተቀየረ። በጠዋት ስነዳው ኋላው ይዋልላል፣ ኩርባ ላይ ይንሸራተታል። እኩለ ቀን ላይ ጂጂጋ ስደርስ ግን ጎማ ሠሪው ዘንድ አስለካለሁ፤ ነፋሱ ልክ ነው። ሠሪው ከጎማዎቹ ውስጥ ነፋስ የሚይዙትን ከመነዳሪዎች አንድ በአንድ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነከራቸው። አንዲት አረፋ አልወጣችም። «ጎማው ጤነኛ ነው፤ አንተ ነህ የምትወላገደው» ብሎ ሳቀብኝ።

ችግሩ የባሰው የአዴር ሚስት ኤዶ ሀሊማ፣ ኤዶም አክስት ማለት ነው፣ የተሳፈሩ ዕለት ነው። ልጃቸው ሆዳን ጂጂጋ ወልዳ ነበርና ሊያርሷት በጠዋት ይዣቸው ወጣሁ። መንገድ መሀል መኪናው ሁለት ጊዜ ሲዋልል ቅቤያቸውን አቅፈው ወረዱና ከኋላ የመጣውን ሚኒባስ አስቆሙ።

«ይሄ መኪና አንካሳ ነው» አሉ። «ሆዳን አርባዋ ሲሞላ ልጇን ይዛ በዚህ አትመጣም። ካልተሻለው በሰው መኪና ትመጣለች።»

አዴር ይህን ሲሰሙ መኪናውን ዞረው ዞረው አዩት። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን በሰው መኪና ማስገባት፣ ያውም ያን ሁሉ ግመል ሸጠው! ለእኔም ቢሆን ከዚያ ወዲያ መሪ የሚያስጨብጠኝ አይኖርም።

አርባዋ ሊሞላ ሲል ዋዜማውን ጂጂጋ ዋልን። መላዋህ የሚሉትን ስስ ቂጣ በሻሂ ከበላን በኋላ አዴር ለድግሱ የሚሆን በግ እንዲገዙ ገበያ ገባን። አንድ ሰው ሆዱ የተነፋ ሙክት ጎትቶ አመጣላቸው። እኔ ገና ሳየው ወደድኩት። አዴር ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና መለሱለት።

«ይሄ አሁን ጠጥቶ ነው የመጣው። ጨው አልሰሃል፣ ውሃ አጠጥተሃል። የጠጣ በግ ሆዱ ይዋሻል። ነገ ጠዋት ሳይጠጣ አሳየኝ።»

ሰውዬው ሳቀ፤ የተያዘ ሰው ሳቅ ነበር። እኔ ግን ባለሁበት ቆምኩ። ጎማዬን ስንት ቀን ሙሉ ያስለካሁት እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይና መንገድ ካሞቁት በኋላ ነው። ነፋስ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርደው ይኮማተራል። ማንም የሰረቀው ነፋስ የለም።

«አዴር፣ መኪናችንም ጠጥቶ ነው የምናየው» አልኳቸው። መጀመሪያ ግጥም መስሏቸው ነበር። ሳስረዳቸው ግን «እንግዲያ ሳይጠጣ እንየው» አሉ።

በማግስቱ እዚያው ሆዳን ደጃፍ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሞተሩም ሳይነሳ፣ ከጎማ ሠሪው በተዋስነው መለኪያ ለካን። አራቱም ጎድለዋል። በእግር ፓምፕ እየተፈራረቅን ሞላናቸው። አዴር ሽርጣቸውን ሰብስበው ሲረግጡ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። ኤዶ ሀሊማ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልለው በር ላይ ቆመው ያዩናል። ሲያበቃ መጥተው አንዱን ጎማ በጫማቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገቡ፤ ሆዳንም ተከተለቻቸው። ሙክቱ፣ በጠዋት የታየ ሌላ ሙክት፣ ከኋላ ተጫነ።

መጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ ኤዶ የበሩን እጀታ ጨብጠው ነበር። ሦስተኛው ላይ በመስታወት ሰረቅ አድርጌ ሳይ እጃቸው ሕፃኑ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ተኝተዋል።

ቀብሪበያ ስንገባ በልማዴ ለካሁ። ነፋሱ ከጠዋቱ ከፍ ብሏል። ላስተነፍሰው ጎንበስ ስል አዴር ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተወው። ጠጥቶ ነው።»

ግጥሞቼንም ያኔ የማነባቸው ጽፌ እንደጨረስኩ፣ በትኩሱ ነበር፤ ሁሉም ሙሉ ይመስሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በማግስቱ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልቀምስ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙዎቹ ጎድለው ይገኛሉ። አንዳንዴ ግን አንድ ስንኝ በብርዱም ጠንክሮ ይቆየኛል።

ልጄ ታሪኩን ሰምቶ ሲያበቃ ሐረር ገብተን ነበር። አዳራችን እዚያው ሆነ። ጎህ ሲቀድ ቀሰቀስኩትና የጎማ ነፋስ መለኪያውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባዬ፣ በዚህ ብርድ?»

«በዚህ ብርድ ነዋ።»