ልክ ሁለት መቶ

የልጅ ልጄ ሁለት ቁልፎች በመዳፏ ይዛ በአንደኛው ቀዳዳ ቀይ ክር ታስገባ ነበር። ክሩን ሦስት ጊዜ ጠመጠመችው፣ በጥርሷ በጠሰችው፣ ቋጠሮውን በጥፍሯ አጠበቀችው። አንዱ የቤታችን፣ ሌላው የሆስፒታሉ የማሽን ክፍል ቁልፍ ነው፤ ከአንድ ሱቅ የተቀረጹ ስለሆኑ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ።

"የሚመሳሰል ነገር ያስፈራኛል፣ እማማ" አለችኝ።

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። የስኳሩና የጨው ዕቃ አንድ ዓይነት ክዳን ካላቸው አንዱን በምስማር ትጭረዋለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ግን እሷ ናት፤ ያኔ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ሥራዋን ለሚጠይቁኝ ጎረቤቶች እንዲህ እያልኩ አስረዳለሁ። ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ የብረት ማሽን አለ። በውስጡ ብረት የሌላቸው ብዙ ማሽኖች ይኖራሉ፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። አንዱ ለመድኃኒት ቤቱ፣ አንዱ ለካርድ ክፍሉ፣ አንዱ ለማዋለጃው ይሠራል፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ማሽን ይመስለዋል። ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት ዲስክ ይባላል፤ እሱም በእጅ አይጨበጥም። እሷ መጠኑን ትወስናለች፣ ዲስኩ ይፈጠራል፤ ከዚያ ከአንዱ ማሽን ጋር ታገናኘዋለች። ለቁም ሳጥን አዲስ መሳቢያ እንደ መግጠም ነው። አዲሱ መሳቢያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጠረጋል፤ ፎርማት ማድረግ ይሉታል። ዕቃ ያለበት መሳቢያ በስህተት ከተጠረገ ግን የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

እሷ ዲስክ ስትፈጥር ድፍን ቁጥር አትሰጥም። መቶ አንድ ትላለች፣ መቶ ሦስት ትላለች፣ ሁለት ዲስኮች እኩል እንዳይሆኑ። ማሽኑ ዲስኮቹን ሲዘረዝር በመጠናቸው ትለያቸዋለች። በዚህ የተነሳ የሥራ ባልደረቦቿ "መቶ አንድ" ብለው ስም አወጡላት።

"መቶ አንድ፣ ለምሳ ስንት ሰዓት እንገናኝ?"

"ስድስት ሰዓት ካንድ ደቂቃ" ትላቸዋለች፤ ይስቃሉ።

የማዋለጃው ዲስክ ግን እሷ ሳትቀጠር በፊት የተሠራ ነው፤ መጠኑ ልክ ሁለት መቶ። ከሥሩ ያለው ብረት ስላረጀ ሌላ ዲስክ ፈጥራ ሁሉንም እንድታዛውር ታዘዘች። ሥራው በዕረፍት ቀን፣ ቀን ላይ፣ ከቤት ሆና የሚሠራ ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የሸሚዟን ቁልፎች እሰፋ ነበር። አለቃዋ ደወለ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ልክ ሁለት መቶ አድርጊው" አላት።

"ጋሼ፣ ሁለት መቶ አንድ ይሁንልኝ፣ እንዲለይልኝ።"

"ተይኝ እባክሽ። ባለፈው ተቆጣጣሪው 'ይህች አንድ የማን ናት?' ብሎ አሳቀብኝ። የአክስቴ ናት ልበለው? ልክ ሁለት መቶ።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

ፈጠረችው፣ አገናኘችው፣ ጠረገችው። ከዚያ የማዋለጃው ማሽን ፈዘዘባትና አጥፍታ አስነሳችው። ሲነሳ ዲስኮቹን በሌላ ቅደም ተከተል ዘረዘራቸው፤ ላይ የነበረው ታች ወረደ፣ የታችኛው ላይ ወጣ። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። የመጀመሪያው መጥረግ አንድ ነገር ጎድሎት ስለነበር ደግማ ልትጠርገው ፈለገች፤ ቀድሞ በነበረበት መስመር ላይ ያለውን መረጠች።

እኔ ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ቁጥር ማንበብ እወዳለሁ፤ ከፊደል ቀድሞ የገባኝ እሱ ነው። ሁለት መስመሮች ነበሩ። ሁለት መቶ። ሁለት መቶ። በእሷ ዝርዝር ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነት ቁጥር አይቼ አላውቅም። "አሁን የቱ የትኛው ነው?" ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔ ምን አውቄ ነው፣ ትናንት ሀ ሁ የቆጠርኩ ሴት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ ነው ያሳደጉኝ። መርፌዬን ወጋሁ።

ማሽኑ ጠየቃት፤ ዲስኩ ባዶ አይደለም፣ ይጥፋ ወይ? እሷም ጠዋት ራሷ ስለጠረገችው ጥያቄው አልገረማትም። ይጥፋ አለችው።

ከዚያ ማዛወሩን አስጀመረች። ሦስት ሰዓት ይፈጃል ያለችኝ ሥራ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አለቀ። የሚዛወር ነገር አልነበረማ፤ የጠረገችው አሮጌውን፣ የማዋለጃውን ዕቃ ሁሉ የያዘውን ነበር።

ሁለት እጆቿን ከኮምፒዩተሩ ቁልፎች ላይ አንስታ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው በአየር ላይ ያዘቻቸው።

"እማማ፣ ውሃ።"

አመጣሁላት። አልጠጣችውም።

መጠባበቂያ ቅጂ ነበር። ግን የመጨረሻው የተወሰደው ወደ ሆስፒታሉ የሚያሻግረው ድልድይ ለጥገና የተዘጋ ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማስቀመጫው ሞልቶ አዲስ ይገዛል ሲባል አርባ ሦስት ቀን ሄደ። በእነዚያ አርባ ሦስት ቀናት መቶ ዘጠና ሕፃናት ተወልደዋል።

ወዲያው ለማዋለጃው ነርስ ደወለች።

"ሲስተር፣ ከዲስኩ በቀር ሌላ ቦታ ያልተጻፈ ምን አለ?"

ነርሷ የወረቀት መዝገቡን ስታገላብጥ በስልኩ ተሰማ።

"የተረከዙ ደም" አለች በመጨረሻ።

ሕፃን ሲወለድ ተረከዙን ወግተው ጠብታ ደም ይወስዳሉ። አንዳንዱ ልጅ አንገቱ ሥር ያለው ዕጢ አይሠራለትም። ልጁ ያምራል፣ ይጠባል፣ ይተኛል፤ ብዙ ካለማልቀሱ በቀር ምንም አያስታውቅም። ኪኒኑ ርካሽ ነው። በጊዜ ካልጀመረ ግን አእምሮው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቀረውም አይመለስም። ውጤቱ ከላቦራቶሪ በቀጥታ ዲስኩ ላይ ይገባል። ነርሷ አጠራጣሪ ውጤት በመጣ ቁጥር በጓንት ካርቶን ክዳን ላይ አንድ ጭረት ታደርጋለች፤ ስም አትጽፍም፣ ስሙ ማሽኑ ላይ አለና። ሰኞ ልትደውልላቸው ነበር።

"ስንት ጭረት ነው፣ ሲስተር?"

"ሰባት።"

አለቃዋ በዚያው ከሰዓት ቤታችን መጣ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ማሽኑ ተበላሸ እንላለን" አላት። "ማሽን አይከሰስም።"

"እንደዚያ ካልን ሕፃናቱን ማን ይፈልጋቸዋል፣ ጋሼ? ተበላሸ ተብሎ ይዘጋል። እኔ አጠፋሁት ብዬ እጽፋለሁ።"

"ሥራሽን ያስከፍልሻል።"

"አውቃለሁ።"

ከወንበሩ ተነሳ። "እንግዲያው ልክ ሁለት መቶ ያልኩት እኔ መሆኔንም ጻፊው" አለና ወጣ።

በማዋለጃው የወረቀት መዝገብ ላይ የእናቶቹ ስምና ሰፈር ብቻ ነበር፤ ስልካቸው ከዲስኩ ጋር ጠፍቷል። ሰባቱ የትኞቹ እንደሆኑ ስለማይታወቅ መቶ ዘጠናውም እንደገና መታየት ነበረባቸው። የሆስፒታሉ ሰዎች ሰፈር ተከፋፈሉ። እኛ በየቀኑ ከሥራ መልስ እንወጣለን፤ እሷ ዝርዝሩን ትይዛለች፣ እኔ የቤት ቁጥር አነባለሁ። በር እናንኳኳለን። አንዳንዷ እናት ሳቅ ብላ ልጇን ታሳየናለች፤ "ይኸው ወፍሮልኛል፣ ማልቀስ እንኳ አያውቅ" ትላለች፤ ማልቀስ አያውቅም ስትለን እኔና እሷ አንተያይም።

በአራተኛው ቀን አንድ ረጅም ግንብ ሥር ስንሄድ ከአፌ ወጣ።

"አይቼ ነበር" አልኳት።

"ምኑን?"

"ሁለቱን ሁለት መቶዎች። ሳትጠርጊው በፊት።"

ቆመች። ፊቴን አየችው። ምነው አልተናገርሽም አላለችኝም። ዝርዝሩን አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፣ መልሳ አወጣችው። ሦስት በሮች አለፍን። ከዚያ ክንዴን ያዘች።

"እማማ፣ ያ የቤት ቁጥር ስንት ነው የሚለው? ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያየሽውን ሁሉ ጮክ ብለሽ።"

አነበብኩላት።

እስከ ዛሬ መቶ ሰማንያ ሁለት ልጆች ተገኝተው ታይተዋል። ከእነሱ ውስጥ ስድስቱ ታውቀው ኪኒናቸውን ጀምረዋል። ጭረቱ ግን ሰባት ነው። ስምንት ልጆች አልተገኙም። የተከራዩበትን ቤት ለቀዋል፣ አከራይ አያውቃቸውም፣ ጎረቤት "ወደ ዘመድ ሄዱ" ይላል። ሰባተኛው ከእነዚህ ከስምንቱ አንዱ ነው። የእሷን ጉዳይ ኮሚቴ እያየው ነው፤ ስለዚያ አታወራም። ማታ ማታ ስምንቱን ስሞች በቃሏ ትላቸዋለች፤ እኔ አብሬያት እላለሁ። ዶክተሩ "ቢዘገይም ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል" ብሏል፤ በዚያች ቃል ነው እንቅልፍ የሚወስደን።

አንቺ ይህን የምታነቢ፣ ድልድዩ ተዘግቶ ሰው በዙሪያ መንገድ ይሄድ በነበረባቸው ሳምንታት በሆስፒታላችን ወልደሽ ከነበረ፣ ከዚያም ማንም መጥቶ በርሽን ካላንኳኳ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ልጁ ቢወፍርም ነይ። ባያለቅስም፣ ይልቁንም ባያለቅስ፣ ነይ። አንተም ከሰፈርህ የወጣች አራስ የምታውቅ እንደሆነ ንገርልኝ። በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሦስተኛው መስኮት ላይ፣ በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት አለች። ለምን ዘገየሽ ብላ አትጠይቅሽም።