ወንዙ ዳር የቀረው ፈንታ

ባለፈው ሳምንት ዶርም አብሮኝ የሚኖር ልጅ ሻንጣዬ ውስጥ ዳይሶቼን አይቶ «እኛንም አጫውተን እንጂ» አለኝ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ እምቢ ማለት አልችልበትም። ጨዋታውን ማስረዳት ጀመርኩ። አንዱ ተራኪ ይሆንና የነገሥታትና የዘንዶ ዓለም ፈጥሮ ያወራል። ሌሎቹ በዚያ ዓለም የሚኖሩ ሰዎች ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን የሚወረወረው ዳይስ ላይ የወጣው ቁጥር ይወስናል። ልጁ «ወደፈለጉበት በአንዴ የሚያደርስ አስማት አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለው፣ ግን...» ብዬ ቆምኩ። ደንቡ ጠፍቶኝ አይደለም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አሥረኛ ክፍል ሳለን አሶሳ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኛ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር እንጫወት ነበር። ጨዋታውን ከአጎቴ ልጅ ስልክ አግኝቼ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ስለሆንኩ ተራኪነቱ የእኔ ነበር። ካርታችንን የሣልነው ያለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ነው፤ ሰዎቻችን የለስላሳ ቆርኪዎች ነበሩ። ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ እየበላን ስለምንጫወት ካርታው ላይ ማንም ያልሣለው ቀይ አገር ሁሉ ነበረበት።

በጨዋታው ሃዋ መንገድ መሪ ነበረች። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ እስከ ቶንጎ ያለውን መታጠፊያ በሙሉ ታውቀዋለች። ፈንታ አስማተኛ ነበር። እናቱ መተከል ውስጥ ገነተ ማርያም ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። እሱ ለትምህርት አሶሳ አጎቱ ቤት ከመጣ በኋላ ወደ መተከል የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። የዚያ አገር ስልክም የሚሠራው አልፎ አልፎ ነበር።

የፈንታ አስማት በር ነው፤ ወደፈለገው ቦታ ይከፍተዋል። ጨዋታው ሲጀመር ሁልጊዜ «መጀመሪያ ቤት ደርሼ ልምጣ» ይላል። ካርታው ላይ ዘንዶዎቹ መካከል ገነተ ማርያም የምትባል መንደር በእስክሪብቶ ጨምሮ ነበር።

«ዘንዶ በርበሬ ይገዛል እንዴ?» ትለዋለች ሃዋ።

«ይገዛል። ግን ሲከራከር አይጣል ነው።»

ተራኪው የቀሩትን ሰዎች ሁሉ ሆኖ ስለሚናገር የፈንታ እናት የምሆነው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን «ምን ልበልህ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ‹ከሳህ› ነው የምትለው።»

«ከሳህ» አልኩት።

«አልከሳሁም እማዬ» አለ። አልሳቀም። ያን ጊዜ ሃዋም አልሳቀችም።

ችግሩ በሩ ወደ ቤት ብቻ አለመክፈቱ ነው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በረሃና ሽፍታ፣ ጉምና ኬላ አዘጋጅቼ እመጣለሁ፤ ፈንታ በሩን ከፍቶ ሁሉንም ዘሎ ያልፋል። አንድ ቅዳሜ ሃዋ ቆርኪዋን አነሳች።

«ወላሂ፣ እኔ ቤቴ ልሂድ። መንገድ የለም። መንገድ ከሌለ መንገድ መሪ ምን ይሠራል?»

እውነቷን ነበር። ሁለቱንም ማስደሰት ፈልጌ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደንብ ይዤ መጣሁ፦ በሩ ወደ አንድ ቦታ የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሃዋ ደስ አላት። ፈንታ ቆርኪውን በጣቱ እያዞረ «እስካሁን የሄድኩበትስ ይቆጠራል?» አለ።

ስለ የትኛው ቦታ እንደሚጠይቅ ገብቶኛል። ያን አንዱን ልተውለት እችል ነበር። ያዳላሁ እንዳይመስል ፈራሁ።

«ይቆጠራል» አልኩ።

«እሺ» አለ። ፈንታ መከራከር አያውቅም።

ሃዋ ዞር ብላ አየችው። «አይዞህ፤ በእግር አደርስሃለሁ።»

ሁለቱ ቆርኪዎች ጉዞ ጀመሩ። ለእኔ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ያከማቸሁትን ሽፍታና ጉም ሁሉ መንገዳቸው ላይ አፈሰስኩት፤ ሃዋ እያንዳንዱን በብልሃት ታልፈው ነበር። ገነተ ማርያም ሊደርሱ አንድ ወንዝ ቀራቸው። የዚያን ቀን ዝናቡ ከማንጎው ሥር አስነስቶ በረንዳ ላይ አስቀምጦን ነበር። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ስሰማ «ወንዙ ሞልቷል፤ ዛሬ አይታለፍም» አልኩ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሚያጓጓ ማቆሚያ መስሎኝ ነው።

«ቤቱ ከዚህ ይታያል?» አለ ፈንታ።

«ጭሱ ይታያል።»

ቀጥሎ ፈተና መጣ፤ ከፈተናው በኋላ ሃዋ ክረምቱን ልታሳልፍ ቶንጎ አክስቷ ጋ ሄደች። ካላንደሩ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። እንደገና አልዘረጋነውም።

መንገዱ በኋላ ተከፈተ። ፈንታ እንደ ሰው ሁሉ አውቶቡስ ተሳፍሮ አገሩ ገባ፤ ዛሬ ከእናቱ ጋር ገበያ ይውላል። ስለዚህ ጉዳዩ አልቋል እያልኩ ራሴን ለማሳመን እሞክራለሁ። ደንቡም ቢሆን ትክክል ነበር፤ ያለ እሱ ሃዋ ጨዋታውን ትታ ትሄድ ነበር። የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዓለም ያለችው እናቱ ድምፅዋ የእኔ ነበር፤ እኔ ዝም ስል እሷም ልጇን ሳትጠራው ቀረች።

ትናንት ከምሳ በኋላ ስልኬን አውጥቼ ለፈንታ «ወንዙ ጎድሏል» ብዬ ጻፍኩለት። ምን ማለቴ እንደሆነ የሚገባው አልመሰለኝም ነበር። ጥቂት ቆይቶ መለሰ።

«እስካሁን እዚያው ዳር ነኝ እንዴ?»

«ነህ» አልኩት።

«በል ሃዋን ጥራት። እናቴ መጀመሪያ የምትለውን አልረሳህም አይደል?»