የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ኃይለመለኮት

ጋሼ ኃይለመለኮት ያረፉ ዕለት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከዘመድ በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ታናሽ እህታቸው ጠጅቱ ጠጋ ብላ ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጠው የጡረተኛ ወታደሮችን ማኅደር ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ እንዳለች የምባል የጌጃ ሰፈር ምላሰኛ።

ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አልደብቅም። በሰማንያ ሦስቱ ግርግር ወታደር እየተፈለገ ነው ሲባል፣ ባሌ ሙለታ የቆሰለበትንና የተሰናበተበትን ወረቀት ሁሉ ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን እንደሚል እንኳ አላውቅም። እሱም ነፍሳችን ትትረፍ ብሎ አልከለከለኝም። ከዓመታት በኋላ ደም ግፊት ጥሎት አንድ እጁ ሽባ ሆኖ አንደበቱም ሲዘጋ፣ ጡረታውን ላስከብርለት ተነሣሁ። በየመስኮቱ ሙለታ ቶሌሳ የሚባል ወታደር የለም አሉኝ። አንዱማ ጭራሽ ባልሽ ዋሽቶሽ ይሆናል አለኝ። ከጦር ሜዳ ጀምሮ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው! ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ ይህንኑ ለሙለታ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ወዲያ የሚጎርሰው እንኳ እኔ እየለመንኩት ሆነ።

በመጨረሻ ጋሼ ኃይለመለኮት ዘንድ ደረስኩ። ካፖርታቸው አቧራ ጠጥቷል፣ መነጽራቸው በክር ታስሯል። ልጅ ሳለ ማን አሳደገው ብለው ጠየቁኝ። ነደደኝ።

«ፋይል ነው የሚፈልጉት ወይስ ሽማግሌ ሊልኩ ነው?» አልኳቸው።

ሳቁና ወንበር ሰጡኝ። ሲቀጠር ያሳደገውን ሰው አባቴ ብሎ ያስመዘገበ ስንት ወታደር እንዳዩ በእርጋታ አስረዱኝ።

ክው አልኩ። ሙለታን ያሳደገው አጎቱ ሚደቅሳ ነው፤ አገሩም ሙለታ ሚደቅሳ ይለው ነበር። የወለደው ቶሌሳ መሆኑ የወጣው ልንጋባ ሰባት ቤት ሲቆጠር ነው። በአጎትህ ስም አታገባኝም ብዬ የቀበሌ መታወቂያውን ያስቀየርኩት እኔው ነኝ። ጦሩም አብሮ የቀየረለት መስሎኝ ነበር። ጦሩ ሠርጋችን ላይ የት ነበርና!

ስድስት ቀን ፈለጉ። በሰባተኛው፣ አይጥ ከጀመረው ክምር ሥር ጎትተው አወጡት። የቆሰለበት ቀን፣ የተኛበት ሆስፒታል፣ ጢም ያላበቀለ ሙለታ በጉርድ ፎቶ። ሁለቱ ስም የአንድ ሰው ስለመሆኑ ምስክር አቆምኩ፤ ጡረታውም ተከበረለት። እግዜር ነፍሳቸውን ይማር።

ማኅደር ከመሥሪያ ቤት አይወጣም። እሳቸው ግን አለቃቸውን አስፈቅደው፣ ፎቶውን ከኪሳቸው ከፍለው አብነት ሰፈር አስባዙና ራሳቸው ቤታችን ይዘውት መጡ። ሙለታ ፎቶውን አየ፣ አየ፣ አሁንም አየ። ከዚያ በደኅና እጁ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣና፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ የወታደር ሰላምታ ሰጣቸው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። የዚያን ዕለት ማታ ሙለታ ሳልለምነው በላ።

ጠጅቱ መልሴን ትጠብቃለች።

«ሰባት ቤት ብትቆጥሪ አታገኚኝም» አልኳት። «ባሌ ውሸታም ተብሎ ሊሞት ነበር፤ ወንድምሽ ናቸው ያላስደረጉት።»

ፈቀቅ አለችና ከዘመዶቹ መሐል አስቀመጠችኝ።