ከኋላዬ የተቀመጠው ሹፌር

ባሌ ከሃያ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድቷል። የዓይን ግፊት ብርሃኑን ሲወስድበት አላለቀሰም። «ካላስ፣ በቃ» ብሎ ቁልፉን ለባለመኪናው መለሰና ኮኪት ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ አልተነሳም። እኔ ልብስ እየሰፋሁ እሱ ባስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይተቻል። «ይኸ ማርሽ መቀየር ማን አስተማረው?» ይላል።

ጨርቅ ልገዛ መተማ ዮሐንስ በወረድኩ ቁጥር አብረን እንሂድ እለዋለሁ። የድሮ ጓደኞቹ እዚያ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ናቸው፣ ሁልጊዜም ይጠይቁኛል። እሱ ግን እንቢ ነው። ነገሩ የኬላው ገመድ ነው። ከከተማዋ መግቢያ ላይ መንገዱን የሚዘጋ ገመድ አለ። መኪና ሲመጣ ይፈተሻል፣ ከዚያ ጠባቂው ገመዱን ያወርድለታል። እግረኛና ብስክሌት ግን በጎን ሾልኮ ያልፋል።

«ሃያ ዓመት ገመድ ሲወርድልኝ ኖሬ ዛሬ በጎን አልሾልክም» አለኝ።

«በባጃጅ እንሂዳ። ለባጃጅም ይወርዳል።»

«ለሹፌሩ ነው እንጂ እንደ ጆንያ ለተጫነው ነው እንዴ የሚወርደው?»

ተናድጄ ለሦስት ቀን አላነጋገርኩትም። በአራተኛው ቀን ግን ስልክ ላይ ሁለት ሰው አንድ ላይ የሚነዱት ብስክሌት አየሁ። ስልኩን ይዤ በቀጥታ ወደ ሰፈራችን ብረት በያጅ ሄድኩ። በያጁ የእርሻ ወራት ሲሆን የትራክተር ማረሻ ሲጠግን የሚውል ሰው ነው። አየት አደረገና «እትዬ፣ ይኸማ ማረሻ ከመበየድ ይቀላል» አለኝ። ሁለት አሮጌ ብስክሌቶችን ቆርጦ አንድ አደረጋቸው። ፔዳሎቹን በካቴና አገናኛቸው፤ የፊቱ ሲዞር የኋላውም ይዞራል፣ አንዱ ከቆመ ሌላውም ይቆማል። ብስክሌቷ ተሠርታ ስታልቅ ክብደቷ የጥጃ ያህል ነበር።

ከፊት መቀመጥ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ አጥልቄ ኳስ ሜዳው ላይ በሰው ብስክሌት ተለማመድኩ። አንዲት ጎረቤቴ «ምነው እቴ፣ በዚህ ዕድሜሽ?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልሰፋላት የተቀበልኩትን ቀሚስ ሁለት ሳምንት አዘገየሁባት፤ አልጸጸተኝም።

ከባሌ ጋር ስንጀምር ሦስት ጊዜ ወደቅን፣ ሦስቱንም ቁልቁለት ላይ። ሜዳውን ደህና እንሄድና ቁልቁል ስንል ፔዳሉ እግሬ ሥር ድርቅ ይላል፤ ከዚያ ሁለታችንም ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ነን። መጀመሪያ በካቴናው አመካኘን። ሁለተኛ ጊዜ «መሪ አያያዝ አታውቂም» ብሎ ሰደበኝ። በሦስተኛው ጉልበቴ ተልጦ እንደተጋደምኩ ወደ እግሩ አየሁ። ቀኝ እግሩ ፔዳሉን ወደ ታች ረግጦ እንደ ብረት ደርቋል።

«እግርህን ምን እያደረግኸው ነው?»

«ፍሬን እየያዝኩ» አለ።

ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እዚያው ሰሊጡ መሃል ተቀምጬ ዕንባዬ መጣ።

በማግስቱ በያጁ የፍሬኑን እጀታ ከኔ መሪ ፈትቶ ከኋላው መሪ ላይ አሰረለት። «ፍሬኑ ያንተ ነው፣ እግርህን ግን ፈታ አድርገው» አልኩት። ምልክትም ተስማማን፤ የጭነት ረዳት «ሳበው!» እያለ የመኪናውን አካል እንደሚመታው እሱም መቀመጫዬን ይመታል። አንድ ጊዜ ቁሚ፣ ሁለት ጊዜ ሂጂ። ስንቱን ረዳት ሲያባርር የኖረ ሰው ረዳት ሆነ።

የሰሊጥ አጨዳ ሲጀመር አንድ ቀን ማለዳ ተነሳን። የታጨደው ሰሊጥ በየማሳው ተከምሮ ቆሟል፤ የቀን ሠራተኞቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና እያሉ አዩን። ባሌ መንገዱን ከኔ በላይ ያውቀዋል። «ከኋላ ከባድ እየመጣ ነው፣ ተሳቢ አለው። ጠርዙን ያዢ» ይለኛል፤ እይዛለሁ፤ እውነትም ባለ ተሳቢ ያልፈናል።

አንድ ረጅም ዳገት ላይ ትንፋሼ አለቀ። ወርደን እንግፋ አልኩት።

«እዚህ ዳገት ላይ ወርጄ አላውቅም። እግርሽን ብቻ ፔዳሉ ላይ አኑሪ» አለኝ።

አኖርኩ። ፔዳሉ እግሬን ይዞ መዞር ጀመረ፤ ጉልበቱ የሱ ነበር። ያን ጊዜ የወደድኩትን ያህል የሠርጌ ቀንም አልወደድኩትም። አናቱ ላይ ደርሰን ቁልቁል ስንል እኔ ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝም፣ እሱ ግን ፍሬኑን ቀስ እያለ ያዝ ለቀቅ አድርጎ ሜዳው ድረስ አወረደኝ።

ኬላው ጋ ጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ጠባቂው አየንና በእጁ ወደ ዳር አመለከተ፤ «በጎን እለፉ።»

መሪውን ወደ ጎን ማዞር ጀመርኩ። መቀመጫዬ ከኋላ አንድ ጊዜ ተመታ። ቆምኩ።

«እኛ በጎን አናልፍም። ፈትሸንና ገመዱን አውርድ» አለ ባሌ።

ጠባቂው ሳቀ። ከተሰለፉት መኪናዎች አንዱ ሹፌር ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ባሌን ትክ ብሎ አይቶ አወቀውና ጥሩንባውን ለቀቀው። ከኋላው ያለውም ነፋ፣ ሌላውም ተከተለ። ጠባቂው ወደነሱ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ወደ እኛ መጣ። የባሌን ዓይን ሲያይ ሳቁን ተወው። ቦርሳዬን ከፍቶ የስፌት ክሬንና ምሳችንን አየ። ቀጥሎ ለመኪና ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«ሹፌሩ ማን ነው?»

«እሷ ናት» አለ ባሌ። «ፍሬኑ ግን እኔ ጋ ነው።»

ጠባቂው ወደ ምሰሶው ሄዶ ገመዱን ፈታው። ገመዱ አስፋልቱ ላይ ጧ ብሎ ሲያርፍ ዘወር ብዬ ባሌን አየሁት። ጆሮውን ወደዚያ አዘንብሎ ነበር፤ ፊቱ በርቷል። እጁን አነሳና መቀመጫዬን ሁለት ጊዜ መታ።

«ሳቢው» አለኝ።