በጥቁር ኮት የቀረጽኩት ኢንተርቪው

ማክሰኞ ከሰዓት... ግድግዳዬ ላይ ነጭ አንሶላ በሚስማር መትቼ፣ ስልኬን በተደራረቡ መጻሕፍት አስደግፌ ቁጭ አልኩ።

የሥራ ኢንተርቪው ነው። ግን ጠያቂ የለውም! ሊንክ ይልካሉ፣ ስከፍተው ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ለማሰብ ሠላሳ ሰከንድ፣ ለመመለስ ሁለት ደቂቃ፣ ካሜራው በራሱ ይቀዳል። ተሳሳትኩ፣ ልድገመው ብሎ ነገር የለም። አምስት ጥያቄ ነው፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሊንኩ ይዘጋል።

ሥራው የደንበኞች አገልግሎት ነው፤ ስልክ አንስቶ የተናደደ ሰው ማናገር። ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ ዓመት አልፎኛል። ይሄኛውን በጣም ፈልጌዋለሁ።

ከዚህ በፊት በአካል የተጠየቅኩበት ቦታ፣ አንዱ ሰፈሬን ጠየቀኝ። «ኮልፌ 18 ማዞሪያ» አልኩት። «ውይ! በሉ ኪሳችሁን ጠበቅ!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ... እስካሁን የሚያንገበግበኝ የሱ ቀልድ አይደለም፣ የኔ ሳቅ ነው።

ስለዚህ አሁን ቢሮ የምትሠራ ጓደኛዬን ሜሮንን አማከርኩ። ሜሮን ስትመክር ትእዛዝ ነው። «ሙሉ ጥቁር ልበሺ። ጆሮ ጌጥሽን አውልቂ። አልጋሽ እንዳይታይ። ሰፈርሽን ካነሱ ደግሞ ጦር ኃይሎች አካባቢ በይ፤ ውሸትም አይደለም።» ኮቷን አዋሰችኝ። ሁሌ ለሚጠየቁት ጥያቄዎች መልስም ጽፋ ሰጠችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ስሸመድድ ዓይኔ ደም መሰለ።

ግቢያችን ጠባብ ነው። ከግድግዳዬ ማዶ ጋሽ ወልዴ ልብስ ይሰፋሉ፤ የስፌት መኪናቸው ሲነሳ የኔ ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ፊት ለፊቴ ያሉት እትዬ ብርቄ ቅቤ ይነግዳሉ፤ ድምፃቸው ማዞሪያው ድረስ ይሰማል። ወጣሁና «ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ትንሽ ፀጥታ ብታደርጉልኝ... አንድ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው» አልኳቸው። ምን እንደሆነ አልተናገርኩም። ባለፉት ጊዜያት ነግሬያቸው «እንዴት ሆነልሽ?» ሲሉኝ ከርመዋል፤ ሰልችቶኛል።

አሁን እኔን አስቡኝ... ከላይ እስከ ታች ጥቁር። ፀጉሬ እንዲተኛልኝ ያሰርኩት ጥቁር ሻሽ። የቀላ ዓይን። ጋሽ ወልዴ አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ መኪናቸውን አቆሙ። እትዬ ብርቄ ደረታቸውን ያዙ። እኔ ሞኟ፣ ምን ዓይነት ጥሩ ጎረቤት ነው ብዬ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

አንደኛውንና ሁለተኛውን ጥያቄ ሜሮን እንደጻፈችው አነበነብኩት። ሦስተኛው መጣ። «ለምን አንቺን እንቅጠር?» ካሜራው መቅዳት ጀመረ። አፌን ከፈትኩ... በሩም ተከፈተ።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ተከተሉ። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት የግቢያችን ሴቶች። ማንም አልተናገረም። ከስልኩ ኋላ ያለው አልጋዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡና አንገታቸውን ደፉ።

እናንተዬ፣ ሰው እንዲህ ተሰብስቦ ዝም ብሎ ቤት ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ያደገ ያውቀዋል። መርዶ ነው። ወንድሜ ደግሞ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

«ወንድሜን ነው?!» ብዬ ጮህኩ።

«ወንድምሽ ነው እንዴ?!» ብለው እትዬ ብርቄ ደረታቸውን መቱ።

አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

«ማን ነገራችሁ?» አልኩ።

«እኛን ማን ይነግረናል?» አሉ ጋሽ ወልዴ ግራ ተጋብተው። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ጥቁር የለበሽው!»

ኮቴን አየሁ። ሻሼን ዳበስኩ።

«ጋሽ ወልዴ... ይሄ እኮ ለሥራ ነው። ኢንተርቪው ላይ ነኝ። ማንም አልሞተም።»

እትዬ ብርቄ እንባቸውን ጠረግ አድርገው «ታዲያ ለሥራ እንዲህ ይለበሳል? ቅጠሩኝ ነው ቅበሩኝ?» አሉ።

ስልኩን ሳይ አርባ ሰከንድ ቀርቶኛል። ጩኸቴም ልቅሶውም ተቀድቷል። ሜሮን የጻፈችው መልስ ከጭንቅላቴ ብን ብሏል። በቃ፣ ገደል ገባ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ካሜራው ዞርኩ... ከዚያ እልህ ያዘኝ። ለምኑ ነው ይቅርታ የምለው?

ስልኩን አንስቼ ወደ አልጋው አዞርኩት።

«ለምን እንቅጠርሽ ብላችኋል... እነዚህ ጎረቤቶቼ ናቸው። ሰፈሬ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነው። ሐዘን የደረሰብኝ መስሏቸው ሥራቸውን ጥለው መጡ። ምን ሆንሽ እንኳን አላሉኝም፤ መጀመሪያ አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ያደግኩት እነሱ መሀል ነው። የተከፋ ሰው ሲደውል እንዴት እንደሚያዝ ስልጠና አልፈልግም።»

ሰዓቱ አለቀ። እትዬ ብርቄ «ቅጠሯት እንጂ!» ያሉት ተቀድቶ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ኮቱን አወለቅኩ። ሻሹን ፈታሁ። የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች በራሴ አፍ መለስኩ። እንደጨረስኩ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ሚሌ ከተማ ነኝ፣ ምሳ እየበላሁ ነው። ምን ሆነሻል?» አለኝ። ድምፁን ስሰማ እንደገና አለቀስኩ።

ሜሮን ስትሰማ ልትሞት ነው። «አበላሸሽው! ኔትዎርክ ተቋርጦብኝ ነው በያቸውና ሊንኩን እንደገና ይላኩልሽ!»

«አልልም።»

«ሥራውን አትፈልጊውም?»

«እፈልገዋለሁ። በጣም ነው የምፈልገው።»

ይኸው ሳምንት ሆነው፣ አልደወሉም። ይደውሉም አይደውሉም... ቪዲዮው ላይ ያለችው እኔ ነኝ፤ ሌላ የምልክላቸው ሰው የለኝም።