የእትዬ ካርድ ካርድ

የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ከመሬት እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ብቻ ነው። ሽማግሌው ዘበኛ እንደሚያወሩት ከሆነ፣ አንዲት አይጥ ከታችኛው መደርደሪያ ተነስታ ላይኛው ስትደርስ ቅድመ አያት ሆና ነበር፤ ካርድ ልፈልግ ብሎ የገባ አንድ ሐኪምም የወጣው በጡረታ ነው። ዘበኛው ሲያወሩ መጨመር ይወዳሉ። በዚያ የወረቀት ጫካ ሃያ ሁለት ዓመት ሳትጠፋ የኖረች ሴት መኖሯ ግን እውነት ነው። ስሟን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም «እትዬ ካርድ» ይላታል።

እትዬ ካርድ ሰው አታውቅም፤ ቁጥር ታውቃለች። መስኮቷ ላይ ፊት ብቅ ሲል፣ ገና አፍ ሳይከፈት እጇ መደርደሪያው ላይ ነው። ገበያ መሃል አንዲት ሴት ስታልፍ እንኳ «አራት ሺህ ሁለት መቶ አስራ ሰባት ከስታለች» ትላለች በሆዷ። ከዚያ አታልፍም። ካርድ ገልጦ ማንበብ ለእሷ ነውር ነው። «ስም ሐሜት ይጠራል፤ ቁጥር ግን ጨዋ ነው» ትላለች። የሰፈሩ ሰው ገበና በሙሉ በእጇ ሲያልፍ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣም። ለዚህም ሁሉም ያከብራታል። አክብሮት ደግሞ አብሮ ሻይ አይጠጣም።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር አላት፤ አንዱ ላይ እሷ ትቀመጣለች፣ ሌላው ላይ ቦርሳዋ። እናቷን አስታማ ከቀበረች ወዲህ ቦርሳው ቦታውን ለማንም ለቆ አያውቅም። ወንድሟ ሩቅ ነው የሚኖረው። ሲደውል «ደህና ነሽ?» ይላል፤ «ደህና» ትላለች፤ መስመሩ ይቋረጣል። ሁለቱም ኔትወርኩን ያማርራሉ፣ ሁለቱም በልባቸው ያመሰግኑታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ጤና ጣቢያው የማህጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ዘመቻ ላይ ነበር። እትዬ ካርድ ያኔ አርባ አራት ዓመቷ ነው። የዚያን ጊዜዋ አዋላጅ ነርስ «የሰው ካርድ ስታወጪ የራስሽ የለሽም፤ ነይ ውጪ!» ብላ ጎትታ አስወጣቻት። ካርድ ተከፈተላት። ጫፉ ለስላሳ የሆነ ቀጭን ዘንግ ተሰጣትና መጋረጃ ጀርባ ራሷ ናሙና ወሰደች፤ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ይኖር እንደሆነ ሊታይ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ይህ ሁሉ ጥርስ እንደ መፋቅ ቀለላት። የከበዳት ቅጹ ነው። «የቅርብ ተጠሪ» የሚል መስመር ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ቆመ። ኋላ ያለችው ሴት ስታዛጋ ሰማች። በመጨረሻ «ካርድ ክፍል» ብላ ጻፈችበት፤ ስልኩንም የካርድ ክፍሉን ሰጠች። ሌላ የት ትገኛለች?

የመጀመሪያውን ወር ስልኩ ባቃጨለ ቁጥር ልቧ ከመቀመጫዋ ቀድሞ ይነሳ ነበር። ከዚያ የሚጠራት ጠፋ። «ዝም ካሉ ደህና ነው ማለት ነው» አለች። ከዝምታ ጋር የቆየ ትውውቅ ስላላት አመነችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አዲስ የመጣችው ወጣት አዋላጅ ዝርዝር ይዛ መስኮቱ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እነዚህ አስራ ዘጠኝ ሴቶች ቫይረሱ ተገኝቶባቸው ለቀጣዩ ምርመራ ሳይጠሩ ቀርተዋል። ውጤቱ በመጣ ሳምንት የበፊቷ ሲስተር ተዛውራ፣ ወረቀቱ ማንም ሳያየው ቀጥታ እዚህ ወርዷል። ካርዳቸውን ያወጡልኛል?»

እትዬ ካርድ አስታወሰች። ያንን እሽግ ጽሑፉን ወደ ታች ደፍታ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ እያየች በየካርዱ የከተተችው እሷው ናት።

«ይቺ ባለ መነጽሯ» እያለች ታወጣ ጀመር። «ይቺ መንታ የወለደችው። ይቺ ሁልጊዜ ከሳል ጋር የምትመጣው።» አስራ ስምንቱ እንደ ውሃ ወረዱ። አስራ ዘጠነኛው ላይ ቆመች። «ስድስት ሺህ አርባ ሦስት... መልኳ አይመጣልኝም።» እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። ከጥግ አቧራ የጠጣ ካርድ ጎትታ እፍ አለችበትና ሽፋኑን ደፍታ ሰጠቻት።

«ምስኪን» አለች። «ይቺማ ሰው ያላትም አይመስለኝ። ካርዷ እንኳ ከተቀመጠበት ተነስቶ አያውቅም።»

ሲስተሯ ስልክ ቁጥሩን አየችና ደወለች። የእትዬ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ አቃጨለ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ይቺን ላንሳ... ካርድ ክፍል!»

«እትዬ» አለ ስልኩ። «እትዬ» አለ መስኮቱም። «የደወልኩት እኔ ነኝ።»

እጀታውን አስቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ካርዱን ገለበጠችና በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርድ አነበበች።

«ካንሰር ነው?»

«አይደለም። ቫይረሱ አለ ማለት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይይዘዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ ሲቀር ግን ቀስ በቀስ ወደ ካንሰር ሊወስድ ይችላል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። ሁለቱን ዓመት አባክነናል። አሁን ልይዎት።»

«አሁንማ ወረፋ አለ።»

«ወረፋው እኔን ይስደበኝ።»

አልጋው ላይ ተጋድማ ጣሪያውን አየች። መደርደሪያ የሌለው ጣሪያ እንግዳ ሆነባት።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ኮምጣጤ።»

«ሰላጣ ልታደርጊኝ ነው?»

«የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ያሳየኛል።»

ሲስተሯ ጎንበስ ብላ ዝም አለች። እትዬ ካርድ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች።

«አንቺ ልጅ፣ ደግም ይሁን ክፉ ተናገሪ! ዝምታ አንዴ ሸውዶኛል።»

«አለ፤ ነጭ ቦታ አለ። ትንሽ ነው፣ ዙሪያው በደንብ ይታየኛል። ካንሰር አይመስልም፤ ቅድመ ካንሰር የምንለው ነው። እዚሁ፣ ዛሬውኑ በሙቀት እናክመዋለን።»

ብዙም አልቆየም። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ነገር መጣና ሄደ።

«ለስድስት ሳምንት ከወንድ ጋር መገናኘት የለም» አለች ሲስተሯ።

«እሱንስ አስራ ስድስት ዓመት ተለማምጄዋለሁ።»

ሲስተሯ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋ ቆጫት፤ ሁለቱም ግድግዳውን አዩ።

«የዛሬ ዓመት ተመልሰው ይታያሉ። ደግሞ ይሄ ተጠሪ የሚለው፣ ‹ካርድ ክፍል› አይሆንም። ስደውል እርስዎ አንስተው ‹የለችም› ይሉኛል። ሰው ይጻፉልኝ፤ ሰው!»

ስንት ሺህ ቁጥር በጭንቅላቷ የያዘች ሴት አንድ ሰው አጣች። ካርዱን ይዛ ዘበኛው ወደሚጠብቁት የግቢ በር ሄደች።

«ጋሼ፣ ተጠሪ ይሆኑኛል?»

«ምን ያሠራል?» አሉ ዘበኛው።

«የዛሬ ዓመት ሲስተሯ ትፈልገኛለች። ከጠፋሁ ፈልገው ያመጡኛል።»

«አንቺ ደግሞ የት ትጠፊያለሽ? ሃያ ሁለት ዓመት እዚያች መስኮት ላይ እንደ ፎቶ ተሰቅለሽ!»

«ለዚያ እኮ ነው ጋሼ። የማይጠፋን ሰው ማን ይፈልገዋል?»

ዘበኛው ቀልድ ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «ቁጥርሽ ስንት ነው?» አሉ። ከካርዱ ላይ አይታ ነገረቻቸው። ሦስት ጊዜ ደገሙት።

ቀሪዎቹን አስራ ስምንት ሴቶች ራሷ ደውላ ጠራች። ማንበቡን አሁንም አልጀመረችም፤ ሲስተሯ ያልፈረመችበትን ውጤት ግን ካርድ ውስጥ አልከትም ብላ ከዋናው ኃላፊ ጋር ሳይቀር ተጣላች። ቤቷ ያው ነው። ቦርሳው ወንበሩ ላይ ነው። ዓመቱም ደረሰ።

በቀጠሮዋ ጠዋት ከመደርደሪያው ጀርባ አልወጣ አለች። «ዛሬ ወረፋው ብዙ ነው፣ ነገ እሄዳለሁ» ትላለች ለካርዶቹ። መስኮቱ ላይ ጫጫታ ሆነ፤ አንድ ሰው ወረፋ ጥሶ ይሰደባል።

«ካርድ ቁጥር?» አለች ቀና ሳትል።

«ስድስት ሺህ አርባ ሦስት!»

ቀና አለች። ዘበኛው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። እትዬ ካርድ ካርዱን አወጣች፣ መስኮቱ ላይ «መጣሁ» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀለች፣ የወረፋውን እርግማን ሰምታ ወጣች።

ከሲስተሯ በር ፊት ሁለት ወንበር አለ። እንደ ልማዷ አንዱ ላይ ቦርሳዋን ልታስቀምጥ ስትል ዘበኛው ቀድመው ተቀምጠውበታል።

«ስጪኝ፣ እኔ ልያዘው» አሉ።

ስትወጣ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ጠበቋት።

«እህ፣ ምን አለችሽ?»

እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ንጹህ ነው አለች፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትቆሚያለሽ? ወረፋው በቁማችን ሊበላን ነው!»

ቦርሳውን ግን እስከ ካርድ ክፍሉ ድረስ አልመለሱላትም።