ገንዳው የተደፈነ ጊዜ

ማርሊስ ኪዩን አዮዋ ውስጥ ከአሳማ አርቢ ቤተሰብ ተወልዳ፣ ዋና የተማረችው ድንጋይ በተፈለጠበት ጉድጓድ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። አድጋ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች የውሃ ዋና ቡድን አሠልጣኝ ሆነች። ትዳር ሳትይዝ፣ ጠጉሯ በክሎሪን እንደ ገለባ ደርቆ፣ ዕድሜዋን እዚያው መዋኛ ገንዳ ዳር ፈጀችው። ኮስታራ ስለነበረች የምታሠለጥናቸው ልጆች ይፈሯታል፤ ሲጨንቃቸው ግን ከእናታቸው አስቀድመው የሚደውሉት ለእሷ ነው።

አንድ የጸደይ ወቅት ገንዳው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑ ሽንፈት በሽንፈት ሆኖ፣ የስፖርት ዳይሬክተሩ ዴኒ ፕሩት ለተጫዋቾቹ አዲስ ማገገሚያ ሕንፃ ካልተሠራ ብሎ አስተዳደሩን ወጥሮ ይዟል። ማርሊስ በቀጥታ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄልስትሮም ዘንድ ገባች። ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ "እኔ እዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ ገንዳሽን ማንም አይነካውም" አላት።

ያን ቃል ይዛ፣ ገንዳው አይዘጋም እያለች በየቤቱ እየዞረች ወላጆችን አነጋገረች። ዋናተኛ ልጁን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊልክ የነበረውን ገበሬ፣ የኬንድራ ዶብስን አባት፣ ራት እየበሉ ያግባባችው በዚያ ሰሞን ነው።

በመኸር ቡድኑ አዳራሽ ተጠራ። ፕሬዚዳንቱ በአካል አልመጣም፤ በስክሪን ብቅ ብሎ "እኛ ቤተሰብ ነን" ሲል ጀመረና ለአዲሱ ሕንፃ ቦታ ሲባል ገንዳው እንደሚደፈን፣ ቡድኑም እንደሚፈርስ ነገራቸው። ልጆቹ ዞረው ማርሊስን አዩዋት። እሷም የሰማችው ገና ከእነሱ ጋር ነው።

ፕሩት ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ እኔ ሕንፃ ጠየቅሁ እንጂ ገንዳውን ውሰዱ ያለው ሰውዬሽ ሄልስትሮም ነው አላት። ሄልስትሮም በበኩሉ ደውሎ፣ ፕሩት ለዩኒቨርሲቲው ገንዘብ የሚለግሱትን ባለጸጎች አስተባብሮ አንገቴን አንቆኝ ነው አለ። ሁለቱ ድመትና አይጥ መሆናቸውን አገር ያውቃል፤ ስለዚህ አንደኛው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም ብላ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች።

ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት ሲጣል ንግግር እንድታደርግ ተጠራች። ድንኳኑ ውስጥ ሥጋ ይጠበሳል። ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይሳሳቃሉ፤ የሄልስትሮምን ክራቫት የነካውን ቅባት ፕሩት በናፕኪን ይጠርግለታል። 

"ነይ እንጂ ማርሊስ፣ ሁለት ቃል ብቻ" አላት ፕሬዚዳንቱ።

እስከዚያ ቀን አንቱ ስትለው ኖራለች።

"አንተ ውሸታም ነህ" አለችው፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። ወደ ፕሩትም ዞረች፤ "አንተም። በሰው ማዕድ ላይ ተቀምጬ እንድዋሽ አደረጋችሁኝ።"

ከዚያው በቀጥታ መኪናዋን እየነዳች ዶብስ ቤት ሄደች። የሆነውን ሁሉ ስትነግረው አባትየው አልተቆጣም።

"አሠልጣኝ፣ እኛ ልጃችንን ለዩኒቨርሲቲው አልሰጠንም" አላት። "ላንቺ ነው የሰጠናት።"

 ከተባለችው ሁሉ የከበዳት ይህ ነው።

ክረምቱን ሙሉ የምታውቃቸውን አሠልጣኞች ስትለማመጥ ከርማ አብዛኞቹን ልጆች ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ አስገባች። ኬንድራ ግን ዋና በቃኝ አለች፤ እዚያው ትምህርቷን ጨርሳ የእንስሳት ሐኪም ሆነች።

ሕንፃው ተሠራ፣ ቡድኑም መሸነፉን ቀጠለ። ፕሩት ዳጎስ ያለ መሸኛ ገንዘብ ይዞ ከሥራው ወጣ። ሄልስትሮም ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ስለ ስፖርትና ሥነ ምግባር ንግግር እንዲያደርግ ይጋበዛል አሉ። ማርሊስ ይህን ስትሰማ ምራቋን እንትፍ አለች።

አሁን በከተማው ገንዳ አዛውንቶችን ዋና ታስተምራለች። ኬንድራ አልፎ አልፎ ጎራ ትልና አብረው ምሳ ይበላሉ፤ ስለ ታመሙ ላሞች ያወራሉ። ወደ ውሃው ግን ኬንድራ ዳግመኛ አልገባችም፤ ማርሊስም ግቢ ብላት አታውቅም።